ልጃቸውን ችሎት ፊት ያባረሩት እትዬ አስካለ

እትዬ አስካለ የተቀበሩ ዕለት ከቀብሩ መሃል ልጮህ ምንም አልቀረኝም ነበር። አንድ ሰውዬ ቆሞ የሕይወት ታሪካቸውን ያነባል። የት እንደተወለዱ፣ ባላቸው እንዴት በልጅነታቸው እንደሞተባቸው፣ ስንት ዘመን ሸማ እንደነገዱ ካነበበ በኋላ ድምፁን ከፍ አደረገና፣ «አንድ ልጃቸው አቶ ታምራትም ጥሩ ደመወዝ የሚያገኝበትን ሥራ ትቶ፣ እናቱ ሱቅ ገብቶ በማገልገል ለብዙዎች ምሳሌ ሆኗል» አለ። ሴቶቹ በነጠላቸው እንባቸውን ጠረጉ። ታምራት ደረቱን እየደቃ «እናቴ! ለማን ትተሽኝ!» ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ!

አጠገቤ የቆመችው ጋቢ ነጋዴ ክርኔን ጨምድዳ ይዛ «ሰአዲ፣ በሞቴ ተይ፣ የሰው ቀብር ነው» ባትለኝ ኖሮ ወላሂ አልመለስም ነበር። ዋጥኩት። የዋጥኩት ግን አልወርድ ብሎ ይኸው እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል። ሥራውን የተወው ለእናቱ ብሎ ነው? እኔ ከቆርቆሮ ማዶ ሆኜ የሰማሁትስ? ፍርድ ቤት ሄጄ በዓይኔ በብረቱ ያየሁትስ? እሳቸው ሞቱ ተብሎ እውነቱም አብሮ ይቀበር? አይሆንም!

ሰዓዳ እባላለሁ። ሽሮ ሜዳ አስፋልቱ ዳር የጥለት ክር እሸጣለሁ። የእትዬ አስካለ ሱቅ ከእኔው ጋር ቆርቆሮ ለቆርቆሮ ነው፤ እሳቸው ሲያስሉ የእኔ ክር መደርደሪያ ይንቀጠቀጣል። እሳቸው ከሸማኔዎቹ ጋቢና ነጠላ እየተረከቡ ነው የሚሸጡት። ሸማኔ ሥራውን ሲያመጣ መጀመሪያ ወደ በሩ ይዘውት ይወጡና ብርሃን ላይ ይዘረጉታል። ሳስቶ ካገኙት «ይኼን አንተው ልበሰው፤ በረዶ ሲመታህ ታስታውሰኛለህ» ብለው ይመልሱለታል። ምላሳቸው ምላጭ ነበር። የዋህ፣ ለስላሳ፣ እንዲህ ያሉ እናት ነበሩ ብዬ ላሞኛችሁ አልፈልግም። ቆጥቋጣ ነበሩ፣ ነገር አይረሱም፣ ካኮረፉ ደግሞ ሦስት ቀን ከእኔ ጋር በቆርቆሮው በኩል እንኳ አይነጋገሩም።

አንድ ነገር ግን ነበራቸው፤ አይምሉም። ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እዚህ ያልማለ አይሸጥም! «ማርያምን፣ እኔም በዚህ አላገኘሁትም»፣ «ልጄን ይንሳኝ፣ ትርፍ የለውም» ሳይባል አንዲት ነጠላ ከመደርደሪያ አትወርድም። እኔም ብሆን ስንት ወላሂ እንደምረጭ አላህ ይወቅልኝ። እትዬ አስካለ ዋጋውን አንዴ ይናገራሉ፤ በቃ። ገዢዋ «ኧረ ይማሉ እንጂ፣ እንዴት አምናለሁ?» ስትላቸው «እኔ የምሸጠው ጋቢ ነው እንጂ ፈጣሪዬን አይደለም» ይሏታል። ስንት ገበያ አመለጣቸው! እኔ ስምል ከሰሙ ደግሞ በጣታቸው ቆርቆሮውን ኳ ኳ ያደርጉና «ሰአዲ፣ ለአንድ ጥቅል ክር?» ይሉኛል። እስቃለሁ፤ መሐላዬን ግን አልተውኩም። ቤት ኪራይ የሚከፈለው በዝምታ አይደለማ።

ታምራት ብቸኛ ልጃቸው ነው። ሱቅ ሳይኖራቸው በፊት ጋቢ በትከሻቸው ተሸክመው አዲሱ ገበያ ድረስ በእግራቸው እየዞሩ ነው ያሳደጉት። ከመንገድ ሥራ ኩባንያ ገብቶ የኤክስካቫተር ኦፕሬተር ሆነ። የማሽን ኦፕሬተር ምን እንደሚያገኝ የማያውቅ ካለ ይጠይቅ፤ ቢሮ ውስጥ ከረባት አስሮ ከሚውለው ይበልጣል። ራሔል የምትባል ፀጉር ሠሪ አገባ፣ ናርዶስ የምትባል ልጅ ወለዱ፣ ከዚያ ተፋቱ። ለምን እንደተፋቱ አልገባሁበትም። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ሆነች፣ ፍርድ ቤቱም እንደ ደመወዙ መጠን በየወሩ የሚከፍለውን ቀለብ ቆረጠበት።

እትዬ አስካለ ራሔልን አይወዷትም ነበር። ይኼ ይታወቅልኝ። «ያቺ ባለ ጥፍር» ነው የሚሏት። ሲጋቡም አልወደዱም፣ ሲፋቱም አላዘኑም። ራሔልም ብትሆን በሱቃቸው በር ስታልፍ አንገቷን ወደ አስፋልቱ አዙራ ነው። ናርዶስን ግን በየቅዳሜው ትልካታለች፤ ልጅቷ ከጋቢዎቹ መሃል ተወሽቃ ትውልና ማታ ጥጥ በጥጥ ሆና ትመለሳለች።

እንግዲህ አንድ ቀን ታምራት ሥራውን ለቆ መጣ።

የእትዬ አስካለን ደስታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! በጠዋት ቆርቆሮውን ደበደቡት። «ሰአዲ፣ ነይማ! ልጄ እኮ ሊያግዘኝ መጣ። ‘እማዬ፣ ደከምሽ፣ ማሽኑ ይቅርብኝ፣ ካንቺ ጋር ልሥራ’ አለኝ። ደመወዝ ስንት ልስጥህ ብለው ‘ትንሽ ነገር ይበቃኛል፣ ላንቺ ስል ነው’ አለኝ!» ያ ቆጥቋጣ እጃቸው ተፈታ፤ ዳቦና ለስላሳ ገዝተው ለጎረቤቱ ሁሉ አደሉ። ለሸማኔው፣ ለታክሲ ተራ አስከባሪው፣ ላለፈ ላገደመው ያወራሉ። ደመወዙ በማነሱ እንኳ ይኮራሉ። «ከዚያ ሁሉ ብር ወርዶ ለእኔ ብሎ በዚህ!» ይላሉ። እኔም አመንኩ። ማን ይጠረጥራል?

እሱ ግን ምን ያግዛል! ፀሐይ ከወጣች ስንት ሰዓት በኋላ ይመጣል፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል፣ ገዢ ሲመጣ ዓይኑን እንኳ አያነሳም። እሳቸው ወገባቸውን ይዘው መሰላል ይወጣሉ። እኔ «ምነው ታምራት፣ አንተ አትወጣም?» ስለው «ኧረ እሷ ናት የምታውቀው» ይለኛል። እሳቸው ደግሞ በቆርቆሮው በኩል «ተይው፣ ይለምዳል» ይሉኛል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የተባለው ለካ ለዚህ ነው። እናትነት ሰውን እንዲህ ያሞኛል።

ጥቂት ወራት አለፉ። አንድ ከሰዓት ዝናብ ሊመጣ ሲል ገበያው ጭር አለና የሚነጋገሩት ሁሉ ይሰማኝ ጀመር።

«እማዬ፣ በዚህ ሳምንት ፍርድ ቤት ትመጪልኛለሽ። አንድ ቃል ብቻ ነው።»

«ምን አጠፋህ?»

«ምንም። የናርዶስ ቀለብ ይቀነስልኝ ብዬ አመልክቻለሁ። ደመወዜ እንደ ድሮው አይደለማ! አሠሪዬ አንቺ ነሽ፣ ስንት እንደምትከፍይኝ መናገር ነው። ዋሺ አላልኩሽም፤ የምትከፍይኝን ነው።»

እኔ ክር እየጠቀለልኩ እጄ ቆመ።

«ላንቺ ስል ነው የመጣሁት አላልከኝም?»

«እሱም አለበት።»

እሱም አለበት! ይኼን ቃል እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

«ከተቀነሰልህ በኋላስ?» አሉት።

«ከዚያማ ወደ ማሽኔ እመለሳለኋ። ዕድሜ ልኬን ጋቢ ሳጥፍ ልኑር እንዴ?»

«ናርዶስስ?»

«እናቷ ትሠራ የለ! የሰው ፀጉር ስትተኩስ ውላ እኔ ነኝ የምቀልባት? እማዬ፣ ልጅሽ እኔ ነኝ ወይስ ራሔል?»

«አንተ ነህ።»

«እንግዲያው?»

«እንግዲያው እመጣለሁ።»

እሱ እያፏጨ ወጣ። እኔ ዞሬ ገባሁ። እትዬ አስካለ የጋቢውን ዘርፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሃል እያሹ ተቀምጠዋል፤ ነገር ሲከብዳቸው እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። «እትዬ፣ ሰምቻለሁ፤ አይሂዱ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ዳቦ አድዬ እኮ ነው ሰአዲ። ለሰው ሁሉ ዳቦ አድዬ!» አሉኝ። ቢናደዱ አብሬያቸው ተናድጄ ይቀለኝ ነበር፣ እሳቸው ግን አፈሩ። ያፈሩት እሳቸው!

አሁን እኔ የምለው፣ ይኼ ሰው ጤነኛ ነው። እጁ አልተሰበረ፣ ከሥራ አልተባረረ፣ ኩባንያው አልከሰረ። በገዛ እግሩ ከትልቁ ደመወዝ ወርዶ ትንሹ ላይ ተቀመጠና «እዩኝ፣ ድሃ ነኝ» አለ። አባት ደመወዙን በፈቃዱ ይቀንሳል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ረሃቧን በፈቃዷ ትቀንሳለች? እግሯስ ጫማዋ ውስጥ ማደጉን ያቆምላታል? ደግሞ ተንኮሉን እዩልኝ፤ እናቱን ዋሺ አላላቸውም። የሚከፍሉት እውነትም ትንሽ ነው። እውነታቸውን ራሱን ነው የውሸቱ ምርኩዝ ያደረገው። ያንን ሳስብ ነው ይበልጥ የሚያቃጥለኝ።

የቀጠሮው ዕለት ሱቄን ዘግቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «መጽሐፍ ያስመታሉ አይደል?»

«ያስመታሉ እትዬ።»

«እሺ» አሉና በመስኮት ያዩ ጀመር።

ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት፤ እትዬ አስካለ መጀመሪያ ጸሐፊዋ መስላቸው «ዳኛው ገና ናቸው?» ብለው ጠየቋት። ራሔል በአንድ በኩል ተቀምጣለች፣ ፊቷ አመድ ተነስንሶበታል። አማቷ የመጡት ሊጨርሷት እንደሆነ አልተጠራጠረችም። እትዬ አስካለ ተነሱ ተባሉ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው መጽሐፉ ላይ እጃቸውን አኖሩ። በዚህ ሁሉ ዘመን ለስንት ሺህ ጋቢ ያልማሉት ሴትዮ እውነት ልናገር ብለው ማሉ።

ምስክሩን ያስመዘገበው ታምራት ስለሆነ ጠያቂውም እሱ ነው። ተነሳ። «የምሠራው የት ነው?»

«እኔ ጋ።»

«በወር ስንት ይከፈለኛል?»

ተናገሩ። ያችን ትንሿን። ራሔል ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ሌላ ጥያቄ የለኝም» አለና ተቀመጠ። ጨረስኩ ማለቱ ነው። ዳኛዋ «እናቴ፣ ጨርሰዋል፣ ይቀመጡ» አለቻቸው።

እትዬ አስካለ አልተነቃነቁም። «እሱ ጨርሶ ይሆናል፤ እኔ ገና ነኝ» አሉ።

ታምራት ብድግ አለ። ዳኛዋ በእጇ አስቀመጠችውና «ቀረ የሚሉት ካለ ይንገሩኝ» አለች።

«የእኔ ልጅ፣ እውነት ተናገሪ ብለሽ አስምለሽኛል፤ ግማሹን ተናግሬ ብቀመጥ ምኑን ማልኩት? ከዚያ ከትልቁ ማሽን ማንም አላወረደውም። እጁም ደህና፣ ዓይኑም ደህና። ትንሽ ስጪኝ ያለኝ ራሱ ነው። እኔ ሞኟ ለእኔ ብሎ መስሎኝ ለአገር አወራሁ። ለካ ከልጁ ጉሮሮ ሊነጥቅ ነው! ከተቀነሰልኝ ወደ ማሽኔ እመለሳለሁ ብሎኛል፤ ይኼው ፊቴ ነው፣ አላልኩም ይበል። ይቺን» አሉና በአገጫቸው ወደ ራሔል እየጠቆሙ፣ «ይቺን አልወዳትም። ልጅቷ ግን የልጄ ልጅ ናት። ሆዷ ደመወዙን አያውቅም።»

ዳኛዋ ልትጽፍ አቀረቀረች።

«ደግሞ አንድ ነገር ጻፊልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ አባርሬዋለሁ። ከእኔ ጋ ሥራ የለውም። አሁን ደመወዙ ስንት እንደሆነ እሱን ጠይቂው።»

የችሎቱ ሰው በሙሉ ሳቀ። ዳኛዋ አንገቷን ደፍታ ከንፈሯን ስትነክስ አይቻለሁ። ታምራት ግን አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅኩም፣ ሮጬ ሄጄ እትዬን በክንዳቸው ያዝኳቸው።

ውሳኔው በሌላ ቀጠሮ ተነበበ። ዳኛዋ ያለችው በእኔ አፍ ሲነገር እንዲህ ነው፤ ሰው ሳይፈልግ ገቢው ቢቀንስበት፣ ቢታመም፣ ቢባረር፣ ፍርድ ቤቱ ያይለታል። በገዛ ፈቃዱ ገቢውን አሳንሶ ሲመጣ ግን የሚታየው የያዘው ደመወዝ ሳይሆን ማግኘት የሚችለው ነው። ቀለቡ ባለበት ይቀጥል ተባለ። ደጅ ስንወጣ ታምራት እናቱ ፊት ቆመና «ከዛሬ ጀምሮ እናት የለኝም» አላቸው።

«እኔ ግን ልጅ አለኝ» አሉት። ሰምቶ እንዳልሰማ ሄደ።

ራሔል እየሮጠች መጥታ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው «ተነሺ፣ ላንቺ ብዬ አይደለም። ሂጂ ልጅሽን ከትምህርት ቤት አውጫት» አሏት። እንዲህ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የገበያው ሰው ምን እንዳላቸው ልንገራችሁ? ያንን ልጅ አንድም ሰው ነውር ነው አላለውም! «እናት በልጇ ላይ ትመሰክራለች?»፣ «አንጀቷ ድንጋይ ነው»፣ «ለምራቷ ብላ ሆዷን ካደች»። ያደሉትን ዳቦ የበሉ አፎች ናቸው ይህን ያሉት። ጭራሽ ሽማግሌ ተልኮ መጣ። የታምራት አጎትና ሁለት የሰፈር ትልልቅ ሰዎች ሱቃቸው ገብተው ተደረደሩ። ምን ሊሉ ቢመጡ ጥሩ ነው? «አስካለ፣ አንቺ ትብሽ ተይ፣ ልጁን ይቅርታ በይውና ይመለስ»! እኔ ከማዶ ሆኜ ክሩን በጥርሴ ነከስኩት።

እትዬ አስካለ እስኪጨርሱ አዳመጧቸው። «ምኑን ነው ይቅርታ የምለው? ስለወለድኩት?» አሏቸው። አጎትየው «ሰው ፊት አዋረድሽው» ሲላቸው «እሱ ጓዳ ውስጥ አዋረደኝ፤ ለእሱ ሽማግሌ ማን ላከ?» ብለው ጋቢ ማጠፍ ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ ተያይተው ወጡ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው፤ ሌላ ምሳሌ አያስፈልገውም።

ታምራት ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ሩቅ አገር፣ ቆላ፣ መንገድ የሚቆረጥበት ቦታ ነው አሉ። ቀለቡን መሥሪያ ቤቱ ከደመወዙ እየቆረጠ በራሔል ሒሳብ ያስገባል። ለእናቱ ግን ስልክ አይደውልም፣ ሲደውሉለትም አያነሳም፤ ለበዓል እንኳ። እንቁጣጣሽ መጣ ሄደ፣ ገና መጣ ሄደ፤ እሳቸው ለሱ ብለው ያስቀመጡትን ጋቢ አንዴ ያወጡታል፣ አንዴ ይመልሱታል።

ከዚያ ታመሙ። መጀመሪያ እግራቸው አበጠ፣ በኋላ ትንፋሽ አጠራቸው፣ ሱቁ ተዘጋ። እኔ በየቀኑ ሱቄን ስዘጋ አቀበቱን ወጥቼ እቤታቸው እየሄድኩ አያቸው ነበር። አንድ ቀን ሳያውቁብኝ በራሴ ስልክ ለታምራት ደወልኩ። ቁጥሩን ስላላወቀው አነሳ።

«ታምራት፣ ሰዓዳ ነኝ፣ የእናትህ ጎረቤት። እትዬ በጣም ታመዋል። ናና እያቸው።»

ከኋላው የማሽን ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ?

«ለዳኛዋ ደውይላት» አለና ዘጋው።

መንገድ ዳር ቆሜ ስልኩን ሰደብኩት። ሰው ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ሰደብኩት። ለእሳቸው ምን ብዬ ልንገራቸው? አልነገርኳቸውም።

እሳቸው ደግሞ አንድ አመል አውጥተው ነበር። ወር በገባ ቁጥር «ሰአዲ፣ ለዚያች ደውይና ገባ ወይ ብለሽ ጠይቂያት» ይሉኛል። የቀለቡን ነው። ራሔል ገብቷል ካለች እሺ ብለው ዝም ይላሉ። እውነቱን ልናገር፣ ይኼ አመላቸው አይዋጥልኝም ነበር። ተፈረደ፣ አለቀ፣ አሁንም ልጃቸውን በሩቁ የሚቆጣጠሩት ነበር የሚመስለኝ። ገበያው ውስጥም ተወርቶባቸዋል፤ «ተኝታ እንኳ አትለቀውም» ብለዋቸዋል።

በመጨረሻው ወር ዘገየ። ደወልኩ፤ አልገባም። በማግሥቱ ደወልኩ፤ አልገባም። እትዬ አስካለ ምግብ እምቢ አሉ። አጥሚት ሠርቼ ብመጣ ኩባያውን በእጃቸው ገፉት። ዓይናቸው በሩ ላይ ነው። እኔም ትዕግሥቴ አለቀ፤ ምን ላድርግ፣ ቁጡ ነኝ። «እትዬ፣ ራሔል ራሷ ያልተጨነቀችበትን እርስዎ ምን ነካዎት? ናርዶስ እንደሆነ በልታለች፣ ትምህርት ቤቷም ሄዳለች። ትንሽ ቢዘገይ ምን ይሆናል? በእንዲህ ያለ ሕመም ላይ ሆነው የብር ነገር ይተዉት!» አልኳቸው።

ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳና ራሔል ናርዶስን ይዛ ገባች። አዲሱ ገበያ ካለው ፀጉር ቤቷ በቀጥታ፣ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ነው የመጣችው። ደፍ ላይ እንደቆመች እትዬ አስካለ ከትራሱ ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

«ገባ?»

«ገባ እማማ። አሁን ገባ።»

ትራሱ ላይ ተመልሰው ወደቁ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔ ብርክ ያዛቸው ብዬ ደንግጬ ነጠላውን ገለጥኩት፤ እያለቀሱ ነው።

«ተመስገን» አሉ። «ቆሞ እየሠራ ነው። ያ ማሽን አልተገለበጠበትም፣ ወባም አልጣለው። ልጄ ደህና ነው።»

ራሔል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን አልነጠቋትም። እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞረው፣ ልክ አንዳች ጥፋት እንዳጠፋ ሰው በለሆሳስ፣

«ምን ላድርግ ሰአዲ» አሉኝ። «በሕይወት መኖሩን ሌላ ማን ይነግረኛል?»